እሜቴ የጾመችበት ሰኞ

አንድ ጡረተኛ ነበረ፤ አንዲት አሮጊት ድመት ነበረችው።

አትሳቂ ትርንጎ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። «እማሆይ፣ እህቴ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ጀምሮ ሁለት ሱባኤ ገባሁላት፣ ከሩቅ ገዳም ጠበል ቀድቼ ላኩላት፤ እሷ ግን ስደውልላት ‹ደህና ነኝ› ብላ ትዘጋብኛለች። ከዚህ በላይ ምን ላድርግላት?» ነው ያልሽኝ። መልሱን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ድመቷ ትሰሚያለሽ።

ሰውየው የእህል መጋዘን ኃላፊ ነበር። ድመቷም እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ በስንዴ ጆንያ መሀል ተወልዳ፣ አይጥ ስትጠብቅ ያደገች ናት። ስሟ እሜቴ ይባላል። ስሙን ያወጡላት ወዛደሮቹ ናቸው፤ አይጥ ልትይዝ ስትሄድ እንኳ ቀስ ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሰው ዞር በልልኝ እንደምትል ወይዘሮ ነበር የምትራመደው። ሰውየው ጡረታ የወጣ ቀን መሥሪያ ቤቱ ጋቢ ሸለመው። እሱም ሽልማቱን እዚያው ዘረጋና እሜቴን ጠቀለለባት። «እሷም አገልግሎቷን ጨርሳለች፤ ማን ሊጦራት ነው እዚህ ትቻት የምሄደው?» አለና አቅፏት ወደ ቤቱ ገባ።

ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ያለችው እሷ ናት። እሱ የበላውን ትበላለች፤ ማዕዱ አንድ ነው። ጠዋት ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ አንድ ለራሱ፣ አንድ ለእሷ። ቀን ፍትፍት ሲያደርግ ከዳር ቆንጥሮ ለእሷ። የፍስክ ቀን ሥጋ ከተገኘ ግማሹ የእሜቴ ነው። ጾም ሲገባ ደግሞ እሷም አብራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። በዚህ እንዴት ይኮራ እንደነበር አልነግርሽም! «የእኔዋ እሜቴ ሁዳዴን ሙሉ ትጾማለች» እያለ በደጀ ሰላም ያወራ ነበር። አይ የዋህ! በጓሮ የያዘችውን አይጥ ማን ቆጥሮባት?

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነገሯ ተለወጠ። ውሃ መጠጣት አበዛች። የራሷን ሳህን ጨርሳ የሰውየው መታጠቢያ ላይ ትወጣለች። ሽንቷ በዛ። ትበላለች ትበላለች፣ ግን ጎኗ እየገባ፣ ጠጉሯ እየደረቀ ሄደ። አልጋ ላይ መዝለል ተወች። ስትሄድም በኋላ እግሯ ተረከዝ እየረገጠች፣ ወገቧ ወደ መሬት እየወረደ፣ ያ የወይዘሮ አረማመድ ቀረ። ሰውየው ይህን ሲያይ እንቅልፍ አልወስድ አለው። በዘንቢል አድርጎ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዳት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት፤ እጇ ግን የተረጋጋ ነው። ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ደም ወስዳ መረመረች። «አባባ፣ እሜቴ ስኳር አለባት» አለችው።

«የምን ስኳር? ኧረ እሷ ሻይ እንኳ አትጠጣም!» አለ ሰውየው ተቆጥቶ። ወዲያው ደግሞ በየጠዋቱ ሻይ ውስጥ የነከረላት ዳቦ ሁሉ ትዝ አለውና አፉን ዘጋ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ዳቦና ፍትፍት ከዛሬ ጀምሮ ይቅርባት። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ሥጋ ይስጧት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መርፌ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መርፌ። ግን አደራ አባባ፣ መጀመሪያ ትብላ፣ ከዚያ ነው መርፌው። ካልበላች አይውጓት፣ ለእኔ ይደውሉልኝ። መርፌው ስኳሯን ያወርደዋል፤ ሆዷ ባዶ ከሆነ ያለልክ ያወርደዋል። የዚያን ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንገዳገዳለች። እንዲህ ስትሆን ካዩ ስኳር በውሃ በጥብጠው ድዷ ላይ ይቀቡላትና ይዘዋት ይሩጡ።»

ሰውየው ደብተር አውጥቶ ሁሉንም ጻፈ። መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ መጻፍ ያውቅበታል። ብርቱካን ገዝቶ መርፌ መውጋት ተለማመደ። መድኃኒቱን ጎረቤቱ ሴትዮ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ፣ ቅቤዋ አጠገብ አስቀመጠችለት። የመጀመሪያው ቀን የእሜቴን የአንገት ቆዳ ሳብ አድርጎ ሲወጋት እሱ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሷ ግን ከሥጋዋ ላይ ቀና አላለችም። «እንዲያው አንቺ እኮ ከእኔ ትሻያለሽ!» አላት እየሳቀ። ያን ጊዜ የፍስክ ወራት ስለሆነ ሥጋው አልጠፋም። እንቁላልም ሞክሮላት ነበር፤ አሽትታ፣ አፈር እንደምታለብስ በእግሯ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋበት ሄደች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ውሃ መጠጣቷ ቀነሰ። አንድ ጠዋት ደግሞ አልጋው ላይ ዘላ ወጥታ ደረቱ ላይ ተኛችበት፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ያ ኩርርታዋ ተመለሰ። ሰውየው ሳይነቃነቅ ብዙ ቆየ። እግዜርን አመሰገነ።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ሰው ሲወድ አንድ ነገር ልሠዋ ልሠዋ ይለዋል። ሰውየውም መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ሁሉ አውጥቶ ለጎረቤቱ ሰጠ። «እሷ ያልቻለችውን እኔም አልቀምስም» ብሎ መራራ ሻይ መጠጣት ጀመረ። ማን አለው? ማንም። ቀጥሎ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆመና ተሳለ። «እሜቴን አቁምልኝ እንጂ፣ ይህን ጾም እስከ ማታ እጾማለሁ፤ በየቀኑ መቶ ስግደት እሰግዳለሁ፤ የፍስክ ነገር ከደጄ አይገባም» አለ። ሥጋ የነካውን ድስት ሁሉ በአመድ ፈትጎ አጠበ። የቅበላው እሑድ ማታ የቀረችውን ሥጋ እሜቴ በላች፣ መርፌዋን ተወጋች፣ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ሰውየው መርፌውን ይዞ ቆመ። ሥጋ የለም። የሰፈሩ ልኳንዳ ሁሉ ከትናንት ማታ ጀምሮ ተዘግቷል። ደረቅ ዳቦ ቆርሶ ሰጣት፤ አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

ክፍት ሥጋ ቤት እንዳለ አጥቶት አይደለም። ከአውራ ጎዳናው ማዶ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ፤ በሁዳዴም አይዘጋም። ግን ደጁ ለቤተ ክርስቲያን መንገድ ፊት ለፊት ነው። በሁዳዴ ሰኞ፣ ነጠላ የለበሰ ሽማግሌ፣ ያውም እሱ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሥጋ ይዞ ሲወጣ ሰው ምን ይላል? ይህን ሲያስብ ላብ አጠመቀው። ለሐኪሟ ልደውል ብሎም አሰበ፤ ግን የምትለውን ስለሚያውቅ አልደወለም። እኛ እንዲህ ነን፤ መልሱን ስናውቀው ነው የማንጠይቀው።

ከዚያ ለራሱ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «መርፌው መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ጾም አያፈርስም። ምግቡ ግን ይቆያታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን ትሆናለች? ስትጾም ነው የኖረችው።» የአንገቷን ቆዳ ሳብ አድርጎ ወጋት። ራሷን ዳበሳት። «እኔም ስላንቺ ልሰግድ ነው» አላትና በሩን ዘግቶ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ነጠላውን አደገደገና መስገድ ጀመረ። ሲወድቅ «ስለ እሜቴ»፣ ሲነሣ «ስለ እሜቴ»፤ ለድመት ነው የሚሰግደው ብለው እንዳይስቁበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ላብ በግንባሩ ወረደ። ከልቡ ነበር፤ በዚህ አላማውም። መቶውን ሲጨርስ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሜቴም በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱ ግን አላወቀም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩን ሲከፍት ወትሮ እግሩ ሥር የምትታከከው ድመት የለችም። «እሜቴ! ውርዬ!» ዝም። ከአልጋው ሥር ነጭ ጠጉሯን አየና ተንበረከከ። በጎኗ ወድቃለች። አፏ ለሃጭ ይዟል፣ እግሯ ባዶውን ይፈራገጣል፣ ዓይኗ ተከፍቶ አያየውም። ጎትቶ ሲያወጣት ራሷ እንደ ጨርቅ ተዝለፈለፈ።

«ወይኔ! ወይኔ ገደልኳት!»

ስኳር። ሐኪሟ ስኳር ብላለች። ዕቃ መደርደሪያው ጋ ሮጠ፤ ቆርቆሮው ባዶ ነው። ረስቶት እንጂ ራሱ ነው አራግፎ የሰጠው። ስለ እሷ ብሎ ካስወጣው ስኳር አንዲት ማንኪያ እንኳ አልተረፈችም። በባዶ እግሩ እየጮኸ ወደ ጎረቤቱ ሮጠ። ሴትዮዋ ምነው ምን ሆኑ ብላ እስክትጠይቅ እንኳ አልጠበቀም፤ «ስኳር! ስኳር ስጪኝ!» አላት። እሷም ሳትጠይቅ አንድ ስኒ ሙሉ ይዛ ተከትላው ገባች። በውሃ በጠበጡት። ሰውየው ጣቱን እየነከረ ድዷን ቀባት። ደግሞ ቀባት። «እሜቴ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያለሽኝ፤ አንቺ እኮ ነሽ» እያለ ቀባት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አያውቅም። በመጨረሻ ጣቱ ላይ አንድ ስለታም ነገር ተሰማው። ነክሳዋለች። ደሙ ፊን አለ። ሰውየው ኡኡ ብሎ አለቀሰ፤ የደስታ ነው።

በዘንቢሉ አድርገው፣ ጎረቤቱም አብራ፣ ሐኪሟ ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሟ ደሟን አየች፣ በመርፌ ግሉኮስ ሰጠቻትና «ጠዋት ምን በላች?» አለች። ሰውየው እውነቱን ተናገረ። ስእለቱንም፣ ስግደቱንም፣ ሁሉንም። እሷም «አባባ፣ እርስዎ ስለ እሷ ጾሙ፤ እሷ ግን የምትፈልገው ቁርስ ነበር» አለችው። በክፋት አልነበረም፤ እጁን ይዛ ነው የነገረችው። «አሁን ሥጋ መብላት አለባት። ቶሎ። የማታውን መርፌ እናስቀረዋለን፤ ጠዋት መብላቷን ነግረውኝ ነው የሚወጓት።»

ድመቷን ለጎረቤቱ አስያዘና «ቤት ግቢ፣ ደረስኩ» አላት። እሱ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ነጠላው ገና እንደተደገደገ ነው። ከቅዳሴ የዘገየው ሕዝብ በመንገዱ ይወርዳል። የሥጋ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ያዝ አደረገው፤ አልዋሽሽም፣ ዞሮ ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ ገባ።

ሥጋ ሻጩ ቆብ ያደረገ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ነጠላውን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። «አባባ፣ ሰው ፈልገው ነው?»

«ሥጋ ነው የምፈልገው ልጄ። ለድመቴ ነው። ታማብኛለች፤ ሳትበላ መርፌ ወግቻት ልትሞትብኝ ነበር።»

«አላህ ይማርልዎት» አለና ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን አነሣ። ስቡን አውጥቶ፣ ጅማቱን ለይቶ፣ «ጥርስ አላት ወይስ ላድቅቅላት?» ብሎ ጠየቀ።

«ጥርስስ አላት! አሁን ነው የነከሰችኝ» አለና ጣቱን አሳየው። ሁለቱም ሳቁ።

ሥጋ ሻጩ ሰው እንዳያይባቸው አስቦ ጥቁር ፌስታል ይፈልግ ጀመር። እዚህ ያይ፣ እዚያ ያይ። «ቅድም እኮ እዚህ ነበር፤ ትንሽ ይታገሡኝ አባባ፣ ከጎን ሱቅ ላምጣ።» ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ተወው ልጄ፣ ባገኘኸው አድርገው። እሷ ጊዜ የላትም» አለ። ሥጋው በነጭ፣ ውስጡ በሚያሳይ ፌስታል ሆነና ሰውየው ደጅ ወጣ።

የፈራው አልቀረም። ሁለት ሴቶች አይተውት ተጠቃቀሱ። አንድ የሚያውቀው ሽማግሌ ሰላምታውን ዋጠ። ይባስ ብሎ የንስሐ አባቱ ከፊት ለፊት መጡ። መስቀላቸውን ሊያሳልሙት ዘረጉ። ሰውየው በአንድ እጁ ሥጋውን፣ በአንድ እጁ ነጠላውን ይዞ ሁለቱም እጆቹ ተሳሰሩ። ልሽሽ ቢልም መሬት አልተከፈተችለትም።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አሉት።

«ሥጋ ነው አባ። ለእሜቴ ነው። ስእለቴን ስል ሳላበላት መርፌ ወጋኋት። እኔ ስለ እሷ ስሰግድ እሷ ቤት ወድቃ ነበር።»

አባ ፌስታሉን አዩ፣ እሱን አዩ። «እና እዚህ ቆመህ ምን ትሠራለህ?» አሉት ተቆጥተው። «ሩጥ እንጂ!» መስቀሉን ራሳቸው ግንባሩ ላይ አስነኩትና ገፋ አደረጉት። ሰውየው ሰባ ዓመቱ ነው፤ ነጠላውን ብብቱ ውስጥ ወትፎ በአውራ ጎዳናው ላይ ሮጠ።

ያን በአመድ ፈትጎ ያጠበውን ድስት ጣደ። ሥጋውን ያለጨው ቀቀለው። ሽታው ቤቱን ሞላው። እሱ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ሆዱ ጮኸ፣ ምራቁን ዋጠ፤ አንዲት ቁራሽ አፉ ውስጥ አላደረገም። በመዳፉ ላይ አብርዶ ሰጣት። እሜቴ አሸተተች። ቀስ ብላ፣ እንደ ድሮዋ ቀብረር ብላ፣ አንዱን አነሣች። ከዚያ ሌላውን። መዳፉን በሻካራ ምላሷ እስክትልሰው ድረስ በላች። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ እስከ ማታ ያያት ነበር።

ዳነች ብዬ አላታልልሽም፤ ስኳር ሰዓት በመጠበቅ ይያዛል እንጂ አይድንም። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጀመሪያ ሳህኗ፣ ቀጥሎ መርፌዋ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቤተ ክርስቲያን። ሁዳዴን በሙሉ የሥጋ ቤቱ ደንበኛ ሆነ። ጾሙን እሱ ጾመ፤ እሷን ግን ዳግመኛ አላስጾማትም። «እሜቴ ትጾማለች» የሚለውን ወሬም ተወ። ሰው ያማዋል ወይ? ያማዋል። እሱ ግን ሰዓቱን ነበር የሚያየው።

ይኸውልሽ ትርንጎ።

ያ ሰው ፍቅር ጎደለው ትያለሽ? አትይም። መራራ ሻይ ጠጣላት፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ሰገደላት። ግን ያ ሁሉ እሱ መስጠት የሚችልበት ነገር ነው። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ አፈረበት። ሥጋ ይዞ በሰው ፊት መሄድን።

ሱባኤሽን አልነቅፍም፤ እኔም በጾም ያረጀሁ ሰው ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እህትሽ ትናንት ምን በላች?

አየሽ፣ ዝም አልሽ። ልብሷን ማን ያጥብላታል? የቁስሏን ፋሻ ማን ይቀይርላታል? ይህንንም አታውቂም። ለምን እንደማታውቂ ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ከባሏ ጋር ከተኳረፋችሁ ዓመት አልፏል፤ ያንን በር ማንኳኳት ሞት መስሎሻል። ገዳም ድረስ ሄደሽ ጠበል መቅዳት ቀለለሽ፤ ሁለት ታክሲ ተሳፍረሽ የእሱን ፊት ማየት ከበደሽ። ያ በር ነው ልጄ የአንቺ ሥጋ ቤት። እሷ እኮ በስልክ «ደህና ነኝ» የምትልሽ ደህና ሆና አይደለም፤ እንደማትመጪ ስላወቀች ነው።

ምን ታለቅሺያለሽ? አልቅሽ አላልኩሽም። ተነሺ፣ የሾርባ አጥንት ከገበያ ገዝተሽ ሂጂ። ባሏ በሩን ሲከፍት ቢያኮርፍሽ አጎንብሰሽ እለፊው፤ አትሞቺም። እሷን ስታገኚም ስለ ሱባኤሽ እንዳትነግሪያት፤ «በላሽ ወይ?» ብቻ በያት።

የምን «መጀመሪያ ጸሎት አድርሼ» ነው? አሁን ምሳ ሰዓት ነው። ሂጂ፤ መንገድ ላይ ትጸልያለሽ።